ጠዋት በባዶ ሆድ 118፦ በቤት ስለሚለካ የደም ስኳር ጥያቄና መልስ

በቤት ውስጥ የደም ስኳራቸውን የሚለኩ ወላጆች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። በስኳር ሕመም ክትትል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪማችሁን አልተካም፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ ምን ይዛችሁ መሄድ እንዳለባችሁ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በእናቴ መለኪያ እንዲያው ለማየት ያህል ብለካ ጠዋት በባዶ ሆዴ 118 አሳየኝ፤ በማግስቱ 109። ምንም የሚሰማኝ ሕመም የለም። ስኳር ያዘኝ ማለት ነው?

መልስ፦ በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ እንደዚያ ማለት አይቻልም፤ ቸል የሚባሉም ግን አይደሉም። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ ሲለካ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን መነሻውን 110 ያደርገዋል። 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር ሕመም ነው።

እነዚህ መስመሮች የተሰመሩት ከደም ሥር ተቀድቶ በላቦራቶሪ ለሚመረመር ደም ነው። የቤት መለኪያ ዓለም አቀፉን መስፈርት አሟልቶ እንኳ፣ ውጤቱ ከ100 በላይ ሲሆን እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይፈቀድለታል። ስለዚህ የእርስዎ 118 እውነተኛው ልክ 103 ሊሆን ይችላል፤ 138ም ሊሆን ይችላል። በ118 እና በ109 መካከል ያለው ልዩነትም ከመሣሪያው እንጂ ከሰውነትዎ ላይሆን ይችላል። በመሣሪያው ከመከራከር ይልቅ በላቦራቶሪ የጾም ስኳርና ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየውን የኤዋንሲ ምርመራ ያሠሩ። በኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም። የደም ማነስ ካለብዎት ወይም በቅርቡ ደም ከተሰጠዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ኤዋንሲን ያሳስታል። በእርግዝና ወቅት ስኳር ታይቶብዎት ከነበረ ያንንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ በቀን ስንት ጊዜ ልለካ? ጠዋት ልጆች ሳዘጋጅ ለራሴ ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የለኝም።

መልስ፦ በየሰዓቱ ጣትን መውጋት ጭንቀት እንጂ እውቀት አይጨምርም። ሦስት ወይም አራት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሁለት ምሽት ደግሞ ከእራት በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢለኩ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የበሉትን፣ እንቅልፍዎን፣ ሕመም ወይም መድኃኒት ካለ ይጻፉ። ሐኪም ከሠላሳ ባዶ ቁጥር ይልቅ ታሪክ ያላቸውን ስምንት ይመርጣል። ስኳር የሌለበት ሰው ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ይሆናል።

ሁለት ነገር አያድርጉ፦ ውጤቱን ለማሳመር ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት አመጋገብዎን አይለውጡ፤ የእናትዎንም ክኒን አይዋጡ።

ጥያቄ፦ 190 አለኝና ደነገጥሁ። ወዲያው ብደግመው 104! የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ከመለካትዎ በፊት ለልጅ ፍራፍሬ ልጠው ነበር? ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ትንሿን የደም ጠብታ በስኳር ያጥለቀልቃታል። እጅ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ከጣት ጫፍ ጎን ይወጋ። ደሙ የሚነካባቸው የመለኪያው ስትሪፖች ጊዜያቸው ያላለፈና ክዳኑ በተዘጋ ዕቃ የተቀመጡ ይሁኑ። ያልጠበቁት ቁጥር ሲመጣ ታጥቦ መድገም የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለአስም ፕሬድኒሶሎን ከጀመርሁ ወዲህ ስኳሬ ወጣ። ላቋርጠው?

መልስ፦ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ነው፤ ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ። ያዘዘልዎትን ሐኪም ዛሬውኑ ያነጋግሩ። ኢንፌክሽንና እንቅልፍ ማጣትም ከፍ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ውኃ አይጠግብም፤ ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ ከስቷልም። ብለካው 287 አለ። ጠዋት በባዶ ሆዱ ደግሜ ልለካው?

መልስ፦ አይጠብቁ። እስካሁን የተናገርሁት ትዕግሥት ሁሉ ለአዋቂ ነው፤ ለዚህ ልጅ አይሠራም። ጥማት፣ ሽንት መብዛትና መክሳት ከ200 በላይ ከሆነ ስኳር ጋር ሲገናኙ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እሱም በልጆች ላይ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይከፋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ስቡ ሲቃጠል የሚወጣው ኪቶን ይጠራቀምና ደሙ አሲድ ይሆናል። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ሕክምና ቦታ ይውሰዱት። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ካዩ ድንገተኛ ክፍል ነው። ውኃ አይከልክሉት፤ ሽንት እንዲቀንስ ተብሎ ውኃ የተነፈገ ልጅ ይበልጥ ይጎዳል። መሣሪያው በቁጥር ፈንታ «ሃይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ምልክት ካሳየ ስኳሩ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ይህ ከ600 በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ መለኪያ 6.1 ይላል። ሰዎች ግን መቶ ምናምን ይላሉ።

መልስ፦ የእርስዎ በሚሊሞል በሊትር ስለሚቆጥር ነው። በ18 ያባዙት፤ 110 ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጣት የሚወጋበትን መርፌ ለመላው ቤተሰብ ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሄፓታይተስ ቢ ለዓይን በማይታይ ደም ይተላለፋል። መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ነው። መርፌው የሚገባበት መውጊያም የየራስ ይሁን፤ መለኪያው የጋራ መሆኑ ግድ ከሆነ ደግሞ መመሪያው በሚያዘው መንገድ በየመሃሉ ይጸዳ።