ለአንድ ሳምንት አትንኳት

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንዲት ጎረቤቴ የሻይ ኩባያ ይዛ በሬን አንኳኳች። ኩባያው ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ካክተስ አለች። "ጋሼ፣ በየቀኑ ውሃ እያጠጣኋት እየሞተችብኝ ነው" አለችኝ። ልጅቷ ገና መመረቋ ነው፤ ለሥራ ወደ አዳማ ከመጣች ሦስት ወር ቢሆናት ነው። "በየቀኑ ስላጠጣሻት ነዋ!" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አፈር ስመረምር ነው። በወጣትነቴ መካከለኛው አዋሽ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ሠርቻለሁ። እዚያ መሬቱ ነጭ ሆኖ አይቻለሁ፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጨው ነው። ውሃው በቦይ ይለቀቃል፤ ትርፉ የሚወጣበት ግን በቂ መንገድ የለም። ከሥር ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ትስበዋለች፣ ጨዉ መሬቱ ላይ ይቀራል። ጥጡ ሲጠወልግ "ውሃ ጠምቶት ነው፣ ጨምሩለት" ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። የልጅቷን ኩባያ አንስቼ ሥሩን ሳይ ያ እርሻ ትዝ አለኝ። ቀዳዳ የለውም።

እናንተ ልጆች ካክተስ ትወዳላችሁ፤ ደግ ነው። ግን በኩባያ አትትከሉ። ሥሩ የተበሳ የሸክላ ዕቃ ፈልጉ፤ ከድሮው በሁለት ጣት ቢሰፋ ይበቃል። በጣም ከሰፋ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

አፈሩስ? እዚህ ላይ የአዳማ ሰው ዕድለኛ ነው። ብሎኬት የሚሠሩበትን ፑሚስ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ነጣ ያለ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ። ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋልን ነው። ብሎኬት የሚያመርቱትን ብትለምኗቸው አንድ ጣሳ አይነፍጓችሁም። ዱቄቱን ነፍታችሁ ጠጠሩን ብቻ ውሰዱና ከአፈር ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉት። ደቃቅ አሸዋ ግን ይቅርባችሁ፣ ይደፍናል።

ከመንቀላችሁ በፊት ውሃ ከልክላችሁ አፈሩ ይድረቅ። ጋዜጣ አጥፋችሁ እንደ መቀነት ጠምጥሙባትና በእሱ ያዟት። እሾኋ ከወጋችሁ ደግሞ አትሹት፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉት ደቃቁ አብሮ ይወጣል። በነገራችን ላይ፣ ተራራችን ላይ የሚበቅለው ትልቁ ቁልቋል ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ክፉ ነው፤ እሱን በዚህ ድፍረት እንዳትነካኩ። ካክተስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። በለስም ካክተስ ነው።

የልጅቷን ስንነቅላት ግማሽ ሥሯ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። ያንን በንጹሕ ምላጭ ቆረጥነው። ቁስሉ እንዲደርቅ ጥላ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አራት ቀን አስተኛናት። ልጅቷ በየማታው እየመጣች "አሁንስ እንትከላት?" ትለኛለች። ኧረ ተይ! በአምስተኛው ቀን ተከልናት፤ አንገቷን አልቀበርንም፣ በፊት በነበረችበት ልክ ብቻ። ፀሐይ የማይበረታበት መስኮት ሥር አስቀመጥናት።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው መጣ። ለአንድ ሳምንት ውሃ የለም። የተቆረጠ ሥር ሳይድን ውሃ ካገኘ እንደገና ይበሰብሳል። ይሄ ለእናንተ ዘመን ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ሥራ አልሄድ ሲል የሚቀናን መጨመር ነው፤ ማምሸት፣ ሌላ ኮርስ መመዝገብ፣ አለቃ ዘንድ ደጋግሞ መደወል። ያኔ አዋሽ ላይ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ሁለት ሜትር ቢቆፍር ኖሮ ውሃው የት እንደደረሰ እናይ ነበር። ማናችንም አልቆፈርንም። ቦይ መክፈት ይቀላል፤ ሠራ ያሰኛል።

ትናንት ሰባት ቀን ሞላት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ደረቅ ነው። ልጅቷ አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዛ ቆማለች። በቡና ስኒ ለክቼ አንድ ሰጠኋት፣ የቀረውን እኔ ጠጣሁት።