«እሑድ ማታ ይብስበታል»

ጥያቄ፦ ቤቴ ሁለት ጎልድፊሽ አሉ። ልጆቹ በጣም ይወዷቸዋል። ትልቁ ሰሞኑን ምግብ እምቢ ብሎ ውኃው አናት ላይ እየወጣ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። እሑድ ማታ ደግሞ ይብስበታል። ንጽሕናው አልተጓደለበትም፤ በየሳምንቱ እሑድ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ ገንዳውንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በደንብ አጥባለሁ። ቤት ያለ ቴትራሳይክሊን ልበጥብጥለት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠየቀው ስለ ቆሮሶ ኩሬና ስለ ዶሮ ነው። ግን ዓሣ ዓሣ ነው።

ኪኒኑን ወደ መሳቢያው ይመልሱት። ዓሣዎ በሽታ ይዞት አይመስለኝም፤ ታፍኖ ነው። ፍንጩን የሰጡኝ ራስዎ ነዎት። እሑድ ይታጠባል፣ እሑድ ማታ ይብስበታል።

ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻም ሆነ ተርፎ የሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ይለበልበዋል። ይህን መርዝ እየበሉ የሚያበርዱለት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ዋናው ቤታቸው ያ ስፖንጅ ነው። በደንብ ለመራባት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ግን በየሳምንቱ በቧንቧ ውኃ ጠራርገው ያወጧቸዋል። ክሎሪኑ ለእነሱም ለዓሣውም አይራራም። በዚያ ላይ ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል። ትልቁ ብዙ አየር ስለሚፈልግ ቀድሞ ተሸነፈ። ትንሹም ተራውን እየጠበቀ ነው።

ሌላም ልገምት። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። አንዱ ልጅ ጠዋት ያበላል። ሌላዋ «ዛሬ እኮ አልበላም» ብላ ትደግማለች። ሦስተኛው እንጀራ ይፈረፍርለታል። ዓሣው በብርዱ ምክንያት ሆዱ ዝግ ባለበት ሰሞን!

መድኃኒቱ ባልዲ ነው። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ የቧንቧ ውኃ ይቅዱና ሳይከድኑ ገንዳው አጠገብ ያሳድሩት። በ24 ሰዓት ውስጥ ክሎሪኑ ይተናል፣ ቅዝቃዜውም ከገንዳው ውኃ ጋር ይመጣጠናል። ጀሪካን አይሆንም፣ አፉ ጠባብ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በክፍት በርሜል ያጠራቀሙት ካለ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ከገንዳው የሚወጣው ሲሶው ብቻ ነው። ገንዳዎ 30 ሊትር ከያዘ 10 ሊትር መሆኑ ነው። ከላይ አይጨልፉ፤ ቆሻሻው ያለው ታች ነው። የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ጠጠሩ ላይ ያሳርፉ፣ ሌላውን መሬት ወዳለ ሳፋ ያውርዱት። ቡናማው ዝቃጭ በቱቦው ውስጥ ሲሮጥ ያዩታል። ያን ሁሉ ሲደክሙበት የኖሩት እጥበት ያልነካው እሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ያደረውን ውኃ በጆግ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ለአምስት ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ። ስፖንጁን እዚያው ሳፋ ውስጥ፣ በወጣው ውኃ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ጥቁርነቱ ባይለቅ ግድ የለም። ሳሙና አጠገቡ እንዳይደርስ።

ውኃው እስኪያድር ድረስ ግን ዓሣው አየር ይፈልጋል። ከገንዳው በጆግ ቀድተው ከስንዝር ከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩት። አሥር ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። መብራት ሄዶ ፓምፑ ሲቆምም ያው ነው።

ምግብ ለሦስት ቀን የለም። አይሞትም። ከዚያ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሳትን ብቻ።

ስለ ኪኒኑ ትንሽ ልቆጣ። ዶሮ ባስነጠሳት ቁጥር የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትቶ በውኃ መበጥበጥ በየሄድኩበት አያለሁ፤ አሁን ደግሞ ዓሣ ገንዳ ደረሰ። እዚያ ከገባ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ሊፈጅ ይችላል፣ አሞኒያውም ይብሳል። ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካዩ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ከቆመ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነውና ፎቶ ይላኩልኝ።

የምግቡን ቆርቆሮ ከፍ አድርገው ይደብቁት። ለልጆቹ ጆጉን ይስጧቸው።