ድርቆሽ በግንቦት ይሸጣል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ፤ ወተቱን ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ እልካለሁ። ልጄ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ውጭ አገር የገበሬ ፓርቲ አለ፣ ትንሽ ወንበር ይዞ ሚኒስትር ያሾማል አለኝ። እውነት ነው? ታዲያ ይሄ ሁሉ ገበሬ እያለ እኛ አገር ለምን አይሆንም? ደግሞስ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተናል። ገበሬ ነን ወይስ ከተሜ?
የላሞቹ ባለቤት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። አንድ ታሪክ ልንገርዎ።

አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 መጨረሻ ምርጫ ተደረገ። ካንትሪ ፓርቲ የሚባለው የገጠሩ ፓርቲ ከ75 ወንበር 14 ብቻ አገኘ። ሌበር 29፣ ገዢው ናሽናሊስት 26። ማንም ብቻውን መንግሥት መሆን አልቻለም። የካንትሪ ፓርቲ መሪ ኧርል ፔጅ ገበሬ እንኳ አልነበረም፤ ከትንሽ ከተማ የመጣ ቀዶ ሐኪም ነው። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቢሊ ሂዩዝ ጋር አልሠራም አለ። በቃ፣ ሂዩዝ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1923 ከዚያው ከናሽናሊስት ፓርቲ ስታንሊ ብሩስ ተተካ። ከ11 የካቢኔ ወንበር 5ቱን ገጠሬዎቹ ወሰዱ። ፔጅም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ።

14 ወንበር ይሄን ሁሉ እንዴት ገዛ? የሱሉልታ ሰው ነዎትና ድርቆሽ ያውቃሉ። ሣሩ ጥቅምት ላይ ታጭዶ ሲከመር ዋጋው ይወርዳል። ግንቦት ላይ ሜዳው ሲራቆት፣ ያችው እስር ሌላ ዋጋ ታወጣለች። እኔ አንድ ዓመት ሰንዳፋ ካለችኝ የሣር መሬት የሰበሰብኩትን በጥቅምት ሸጬ፣ ለላሜ ስል በግንቦት በእጥፍ መልሼ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ፔጅ በግንቦት ነው የሸጠው። ድምፁ ተቆጥሮ፣ ገዢው እንደተራበ አይቶ።

ስዊድኖች ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ድርድር ኩሃንደል የሚል ቃል አላቸው። ላም ንግድ ማለት ነው፤ እርስዎ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራተኛው ፓርቲ፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ በታችኛው ምክር ቤት ከ230 ወንበር 104 ነበራቸው፤ የገበሬዎቹ ፓርቲ 36። የሠራተኛው ፓርቲ ለሥራ አጡ ሥራ የሚከፍት በጀት ይፈልጋል። ገበሬው የቅቤው ዋጋ እንዳይወድቅ ይፈልጋል። ተለዋወጡ። ከተሜው ቅቤውን ትንሽ አስወድዶ በላ፣ ገበሬው ለከተማ ሥራ አጥ በጀት እጁን አወጣ።

ብቻውን የገዛ የገበሬ ፓርቲም ነበር። የቡልጋሪያው፤ መሪው ስታምቦሊስኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1923 በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ፣ በቀናት ውስጥም ተገደለ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሕጉ በሩን አልዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56፣ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ፓርቲዎች መንግሥት ያቋቁማሉ ይላል። ችግሩ የድርቆሹ ግንቦት አይመጣም፤ የትንሽ ፓርቲ ወንበር የሚቸግረው ገዢ የለም። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይወስዳል፤ ትንሽ ፓርቲ የመረጠ ሰው ድምፁ ሜዳ ላይ ይቀራል። አውስትራሊያ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1918 ቀይራው ነበር፤ መራጩ 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል እንዲመርጥ። ስለዚህ ገበሬው ያለ ስጋት የራሱን ፓርቲ አንደኛ ይል ነበር። እኛ ጋ በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ያልተራበ ሰው ድርቆሽ አይገዛም።

ኢሕአዴግስ? አራት ድርጅቶች የተሰባሰቡበት ግንባር ነበር፤ ድርድሩ ግን ምርጫው ሳይደርስ እቤት ውስጥ ያለቀ ነው። ጥቅምት ላይ ማለት ነው። ገበሬውም መሠረቴ ነው ይባል ነበር እንጂ በራሱ ስም አልተደራደረም። ነገሩ የቆየ ነው። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ የጮኸው ተማሪው ነው። ዛሬም ገበሬው በየፓርቲው ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ እንደ እንግዳ፣ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቶት። የቤቱ ባለቤት ግን ሌላ ነው። ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፣ የሚቃወም ይጻፍልን።

ሸገርን በተመለከተ፣ እርስዎን የገጠመዎት ነገር የውጭዎቹን የገበሬ ፓርቲዎችም ገጥሟቸዋል። ገበሬው ወደ ከተማ ሲገባ የስዊድኑ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1957፣ የፊንላንዱ በ1965 «ገበሬ» የሚለውን ከስማቸው አውጥተው «ማዕከል» ተባሉ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ። እርስዎ ደግሞ ላም አርቢ ነዎት፤ ቀበሌው ምንም ይባል ምን፣ የመኖ ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የሚሰማው እርስዎ ቤት ነው። ምርጫ ሲመጣ እጩ በርዎን ካንኳኳ ስለ መኖ ይጠይቁት።

ድርቆሹን ግን እርስዎ ገዢ ነዎትና በጥቅምት ይግዙ።