ብርሃንና የሴራሚክ ዱቄት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቱሉ ዲምቱ ባለው ወርክሾፓችን ጥቃቅን የሴራሚክ ዕቃዎችን በብርሃን ስለ መሥራት ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸውና። ለአዲሶች፦ የሴራሚክ ዱቄት (ለምሳሌ ሲሊካ፣ አሉሚና ወይም ዚርኮኒያ) ሬዚን በሚባል፣ በብርሃን በሚጠጥር ፈሳሽ ይለወሳል፤ ፕሮጀክተሩ ድብልቁን በስስ ንብርብር እያጠጠረ ቅርጹን ያወጣል፤ በመጨረሻ ሬዚኑ በምድጃ ተቃጥሎ ይወጣና ዱቄቱ ይጋገራል።

ጥያቄ፦ በሲሊካ አምሮ የወጣልኝ ባለ ጥርስ ጎማ በዚርኮኒያ ሲሠራ የጥርሶቹ ክፍተት ተደፈነ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑን አይንኩት፤ ነገሩ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ይታጠፋል። የመታጠፉ መለኪያ ለሬዚን 1.5 ገደማ፣ ለሲሊካ 1.46፣ ለአሉሚና 1.77፣ ለዚርኮኒያ 2.2 ገደማ ነው። በሬዚኑና በዱቄቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ብርሃኑ ከቅንጣት ቅንጣት እየተላተመ ይበተናል፤ ወደ ታች መዝለቅ ሲገባው ጎን ለጎን ያጠጥራል። ተመራማሪዎቹ ግሪፊዝና ሃሎራን በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የሚጠጥረው ጥልቀት በልዩነቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከአሉሚና ወደ ዚርኮኒያ ስንሄድ ልዩነቱ ከ0.27 ወደ 0.7 ያድጋል፤ ሒሳቡን ሠርተው ይዩት፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ጥልቀቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ያንሳል። ወደ ጎን የሚበተነውን እንዲገታ፣ ብርሃን የሚውጥ ቀለም በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ንብርብሩንም ያሳሱ።

ጥያቄ፦ የብርሃኑን ጊዜ እጥፍ ባደርገውስ?

መልስ፦ ጥልቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ የሚያድገው በሎጋሪዝም ነው። የብርሃኑ የመዝለቅ ልክ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሆነ፣ እጥፍ ጊዜ የሚጨምርልዎ 35 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። የጎን ስፋቱም አብሮ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ሲሊኮን ካርባይድ ለምን አስቸገረኝ?

መልስ፦ ይህ የሴራሚክ ዱቄት የፕሮጀክተሩን አልትራቫዮሌት ብርሃን ከመበተን አልፎ ይውጠዋል። በዱቄቱ ባትደክሙ እመርጣለሁ። ሲቃጠሉ ራሳቸው ሴራሚክ የሚሆኑ፣ ሲሊኮን ያለባቸው ፖሊመሮች አሉ። ቅንጣት ስለሌላቸው ብርሃን አይበትኑም፤ ረቂቅ ቅርጽ ይወጣባቸዋል። ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቃጠላሉ፤ ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ ግድግዳቸው ስስ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አፈርስ አይሆንም?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ደስ ብሎኛል። አፈሩ ቀይ ከሆነ የብረት ኦክሳይድ አለበት፤ እሱ ደግሞ የብዙ ማሽኖችን የ405 ናኖሜትር ብርሃን አጥብቆ ይውጣል። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ይሻላል፤ የብርሃን መታጠፍ መለኪያው 1.56 ገደማ ስለሆነ ለሬዚኑ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ከምድጃ ሲወጣ ምን ያህል ያንሳል?

መልስ፦ ዱቄቱ የድብልቁን ይዘት ግማሽ ከያዘና ሙሉ በሙሉ ከተጋገረ በየጎኑ 20 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ንድፉን 1.26 ጊዜ አሳድጉት። ቁመቱና ጎኑ እኩል ላያንሱ ይችላሉና አስቀድማችሁ አንድ ኩብ አቃጥላችሁ ለኩ።