አዲሱ ገንዳ ለምን ነጣ?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት፣ ጓሯችን ውስጥ 4 በ8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ መዋኛ ገንዳ አሠርተን በጉድጓድ ውኃ ሞላነው። የዱቄት ክሎሪን ስንጨምርበት ነጣ፤ ቢሰነብትም አልጠራም። ክሎሪኑን እንድገመው?

መልስ፦ አይድገሙት። አዲስ ሲሚንቶ የውኃውን ፒኤች (ከፍ ሲል አሲድነቱ ማነሱን የሚያሳይ ልኬት) ከፍ ያደርጋል። የጉድጓዱ ውኃ ካልሲየም ከበዛበት፣ ዱቄቱም ያንኑ ስለሚጨምር፣ ኖራ ሆኖ ይነጠልና ያነጣዋል። ፒኤቹ 8 ካለፈ ደግሞ ክሎሪኑ ራሱ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ፒኤቹን ለክተው፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ከ7.2 እስከ 7.6 እስኪገባ የመዋኛ ገንዳ አሲድ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ። አሲድ ወደ ውኃ እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ከክሎሪን ጋርም በአንድ ባልዲ አይገናኝ!

ገንዳዎ 48 ሜትር ኩብ ይይዛል። ለአንዱ ሜትር ኩብ 30 ግራም ሂሳብ፣ 1.5 ኪሎ ገደማ አልሙኒየም ሰልፌት (ነጩን ብናኝ አሰባስቦ የሚያዘቅጥ ዱቄት) በባልዲ ውኃ አሟሙተው በገንዳው ላይ ያዳርሱ። ፓምፑ ውኃውን በማጣሪያው ሳያሳልፍ ለ2 ሰዓት ያዙር፤ ከዚያ አጥፍተው እስኪነጋ ይተዉት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ጠዋት ነው፤ ዝቃጩን በመጥረጊያ ያነሣሣዋል። በመምጠጫ ቱቦ፣ ቀስ ብለው፣ በቀጥታ ወደ ውጭ ያስወግዱት፤ በአሸዋ ማጣሪያው ካለፈ ይደፍነዋል። የጎደለውን ውኃ ከሞሉ በኋላ ፒኤቹን እንደገና ይለኩ፤ አልሙኒየም ሰልፌት ዝቅ ያደርገዋል።