በትውልድ ዓመት ስለሚለዩት የቻይና ቡድሂስቶች ጠባቂዎች፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ውድ እህቴ፣ በደቡብ ቻይና ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ጄድ ከተባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራ ጌጥ የምትሸጥ ሴት የትውልድ ዓመትዎን ስትጠይቅዎ በልማድ «1982» ብለው እንደመለሱላት፣ እርሷም «የውሻ ዓመት ልጅ ነዎት፤ ጠባቂዎ ይህ ነው» ብላ የተቀመጠ ቡድሃ የተቀረጸበት የአንገት ጌጥ እንደሸጠችልዎ ጽፈዋል። ነገሩ በእርግጥ የቡድሂዝም ትምህርት መሆኑንና እርስዎ ኦርቶዶክሳዊት ስለሆኑ ጌጡን ምን ቢያደርጉት እንደሚሻልም ጠይቀዋል። በዚያች ከተማ ከ2008 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በተማሪነት፣ በኋላም ለነጋዴዎቻችን በአስተርጓሚነት ስለኖርኩ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ልጻፍልዎ።

ቻይናውያን ዓመታትን በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም በዙር ይጠራሉ፤ ለየእንስሳው ዓመት ልጆችም ከስምንት የቡድሂዝም ቅዱሳን አንዱን ጠባቂ አድርገው ይሰጣሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእርስዎ ዓመት ስሌት መታረም አለበት። ሻጯ 1982ን የሰማችው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ዓመቱ የውሻ ስለሆነ እርሷ አልተሳሳተችም። እርስዎ ግን የተወለዱት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 1990 ይሆናል። 1990 ደግሞ የፈረስ ዓመት ተብሎ ቢታወቅም፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባሉት ቀናት መካከል ይውላል፤ በዚያ ዓመት የገባው ጃንዋሪ 27፣ ማለትም ጥር 19 ቀን ነበር። እንግዲህ እርስዎ የተወለዱት አዲሱ ዓመት ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው ነውና የእባብ ዓመት ልጅ ነዎት። በጥርና በየካቲት መጀመሪያ የተወለዱ ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ምክንያት የማይመለከታቸውን ጌጥ ገዝተው ሲመጡ አይቻለሁ።

ጠባቂዎቹ ስምንት፣ እንስሳቱ ግን አሥራ ሁለት የሆኑበት ምክንያት ከአቅጣጫ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንታዊው የቻይና ዕውቀት እንስሳቱ ዓመትን ብቻ ሳይሆን የምድርን ማዕዘናትም ይወክላሉ፤ አይጥ ሰሜንን፣ ጥንቸል ምሥራቅን፣ ፈረስ ደቡብን፣ ዶሮ ምዕራብን ለብቻቸው ሲይዙ፣ የቀሩት ስምንቱ በመካከል ባሉት አራት ማዕዘናት ሁለት ሁለት ሆነው ይሰፍራሉ። ስለዚህ ባለ ሺህ እጇ ጓንዪን ለአይጥ፣ ማንጁሽሪ ለጥንቸል፣ ማሃስታማፕራፕታ ለፈረስ፣ በእሳት ተከቦ የሚሣለው አቻላ ለዶሮ ብቻ ሲሰጡ፣ አካሻጋርባ በሬንና ነብርን፣ ሳማንታባድራ ዘንዶንና እባብን፣ ቫይሮቻና በግንና ዝንጀሮን፣ አሚታብሃ ውሻንና አሳማን በጋራ ይጠብቃሉ። በእጅዎ ያለው አሚታብሃ መሆኑ ነው፤ በእነርሱ ስሌት የሚደርስዎ ግን ሳማንታባድራ ነበር።

ይህን አሠራር ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማሩኝ የቤት አከራዬ ነበሩ። በ1949 እ.ኤ.አ. የተወለዱ የበሬ ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ስድሳ ሲሞላቸው ዓመታቸው ተመልሶ መጣ። ቻይናውያን የራስ ዓመት ሲመለስ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል ብለው ስለሚያምኑ፣ እሳቸውም ዓመቱን ሙሉ ቀይ መቀነት ታጥቀው፣ በየማለዳው በአካሻጋርባ ምስል ፊት ዕጣን ያጨሱ ነበር። በተከታዩ ዓመት ክረምት የልጅ ልጃቸው ሲወለድ የነብር ዓመት ልጅ ሆነና፣ «እኔና ልጁ በአንድ ጥላ ሥር ነን» እያሉ የተደሰቱትን ደስታ አልረሳውም። ለሻጯ አንድ ዕቃ የመሸጫ ዘዴ የሆነው ነገር ለእኚህ ሴት አያትን ከልጅ ልጅ የሚያስተሳስር እምነት ነበር።

የቡድሂዝም ትምህርት ነው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ አጭር መልስ መስጠት ይከብዳል። የአሥራ ሁለቱ እንስሳት ቆጠራ ቡድሂዝም ቻይና ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ሹይሁዲ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ከተዘጋ መቃብር የወጡት የቀርከሃ ጽሑፎች እንዲህ ያለ የእንስሳት ዝርዝር ይዘዋል። በኋላ ሁለቱ ተቀራረቡ። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ቻይንኛ በተተረጎመ አንድ የማሃያና (ከቡድሂዝም ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ) መጽሐፍ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት እንስሳት በአራቱ ማዕዘን ባሉ ተራሮች ዋሻ ውስጥ እየጸለዩ፣ ተራ በተራ ወጥተው መሰሎቻቸውን እንደሚያስተምሩ ተጽፏል፤ የሚገርመው፣ በነብር ቦታ የተጠቀሰው አንበሳ ነው። ስምንቱ ቅዱሳንም ቢሆኑ የታወቁ የቡድሂዝም ቅዱሳን ናቸው። ለትውልድ ዓመት መደልደላቸው ግን የሕዝብ ልማድ ከሃይማኖቱ ጋር የተጋባበት ነገር ነው። በአንድ ቤተ መቅደስ ያነጋገርኳቸው መነኩሴ ቦዲሳትቫዎች (ሌሎችን ለመርዳት የሚተጉ የቡድሂዝም ቅዱሳን) ቃል የገቡት ፍጡርን ሁሉ ለመርዳት እንጂ በዓመት ለተመደበላቸው ብቻ እንዳልሆነ አስረድተውኝ ነበር፤ የእሳቸውን አነጋገር እኔም ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በእነርሱ ስሌት የእርስዎ ጠባቂ የሆነው ሳማንታባድራ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ባለው የኧሜይ ተራራ ይከበራል። በተራራው ዋንኒየን ገዳም፣ በ980 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከነሐስ የተሠራው ባለ ስድስት ጥርስ ዝሆን ላይ የተቀመጠው ሐውልት 62 ቶን ይመዝናል። ዝሆኑን አጠገቡ ቆመው ሲያዩት ይህን እምነት በአንገት ጌጥ ብቻ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳንሰው ይገባዎታል።

ስለ ገበያው ጥቂት ልጨምር። ሻጮች ጌጡ በመነኮሳት ጸሎት «ዓይኑ ተከፍቷል» እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ፤ የቻይና መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሃይማኖትን ለንግድ ማዋልን የሚከለክል መመሪያ በጋራ እስከማውጣት ደርሰዋል። ድንጋዩም ይመርመር። በአሲድ ታጥቦ በሙጫ የተሞላው «ቢ» ደረጃ ከተፈጥሯዊው «ኤ» በዓይን አይለይም፤ እኔም ለአንድ ደንበኛ ሳስተረጉም የምርመራ ወረቀት ሳልጠይቅ ቀርቼ ደንበኛዬ ገንዘቡን አጥቷል፤ ጥፋቱ የእኔም ነበር።

ጌጡን በተመለከተ፣ እምነትዎ ካልፈቀደልዎ አያድርጉት፤ ግን ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት። አከራዬ ሊሰጡኝ ያቀረቡልኝን ተመሳሳይ ጌጥ ማተቤን አሳይቼ በትሕትና ስመልስላቸው አልተቀየሙም፤ ተቀብለው በምስሉ ፊት አኖሩት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያምንበት ቻይናዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካለዎት፣ በሁለት እጅዎ ይዘው ይስጡት፤ የውሻ ወይም የአሳማ ዓመት ሰው ከሆነ ደግሞ የራሱ ጠባቂ ነውና እጅግ ይደሰታል።