መልስ፦ ከፖርታል ያወረድኩት የይዞታ ካርታ ከሳተላይት ምስሉ ጋር አልገጥም አለኝ

ሁሉም ወሰኖች በአንድ አቅጣጫ 200 ሜትር ያህል ከሸሹብህ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቀያሹ አይደለም። ፋይሉ በአሮጌ ዳተም (መጋጠሚያዎች የሚለኩበት መነሻ) ተሠርቶ ሳለ ሶፍትዌሩ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዳተም) ነው ብሎ አንብቦታል።

ዚፑ ውስጥ የፒአርጄ ፋይል (.prj፣ ካርታው በየትኛው የመጋጠሚያ ሥርዓት እንደተሠራ የሚናገር) መኖሩን እይ። ከሌለ የኢፒኤስጂ ቁጥሩን (የመጋጠሚያ ሥርዓቱን መለያ) ከፖርታሉ ሜታዳታ (ስለ ፋይሉ ከሚሰጠው መግለጫ) ፈልግ። ኪውጂአይኤስ (QGIS፣ የካርታ ሶፍትዌር) ላይ መጀመሪያ «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (ፋይሉ የተሠራበትን ሥርዓት መንገር) ብለህ ያንን ቁጥር ስጠው፤ «ሪፕሮጀክት ሌየር» (ወደ ሌላ ሥርዓት መቀየር) የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ስህተቱ አዲሱ ፋይል ውስጥ ይቀበራል፣ ለማግኘትም ያስቸግራል። በእጅ ጎትቶ ማስገጠምማ ጭራሽ አይሞከርም።

ስፋት ስታሰላ ግን ተጠንቀቅ፦ የድር ካርታዎች የሚጠቀሙበት ኢፒኤስጂ 3857 ለማየት እንጂ ለግብር ስሌት አይሆንም። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስፋቱን 4 እጥፍ ያሳብጠዋል። በአካባቢህ የዩቲኤም ዞን (በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት ክፍል) ለካ።